የእግር እብጠት ቤት ለቤት ጥናት፦ ኤክስቴንሽኗ ምን ትሥራ፣ ነርሷ ምን ትሥራ?

#1 ጮቄ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። በማቻከል ወረዳ ሦስት ቀበሌዎች ላይ የፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም ከቀይ አፈር የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ቤት ለቤት ጥናት ለመጀመር እየተዘጋጀን ነው። የሚታዩት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁሉ ናቸው። እያንዳንዱ ቀበሌ ወደ 800 ቤት አለው።

ያሰብነው እንዲህ ነው። የቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው እግሩ ያበጠ ሰው ይመዘግባሉ። ከዚያ ከጤና ጣቢያው ሁለት ነርሶች መጥተው የተመዘገቡትን ይመረምራሉ። አንዷ ኤክስቴንሽን በቀን 22 ቤት ብታይ ሁለቱ 44 ያያሉ፤ ስለዚህ አንድ ቀበሌ በ18 ወይም 19 የሥራ ቀን ያልቃል ብለናል።

ምክር የምፈልገው በሦስት ነገር ነው። ጊዜው ይበቃል ወይ? ክፍያው ላገኙት በሽተኛ ልክ ቢሆን ይበረታታሉ የሚል ሐሳብ ከቡድኑ መጥቷል፣ እንዴት ታዩታላችሁ? ነርሶቹስ ከተመዘገቡት ውጭ ሌላ ማየት አለባቸው?

#2 ጤና ኬላ ቢቡኝ

ወንድሜ፣ ጊዜው አይበቃም። ሁለቱም አብረው ከወጡ ጤና ኬላው ይዘጋል። ክትባት አለ፣ የታመመ ሕፃን ይዛ የምትመጣ እናት አለች፣ ለእርግዝና ክትትል የምትመጣም አለች። ስለዚህ አንዷ ጤና ኬላ ትውላለች፣ አንዷ ትወጣለች፤ በማግስቱ ይለዋወጣሉ። 800 ቤት ለ22 ሲካፈል ከ36 የሥራ ቀን በላይ ነው። በዚያ ላይ የወሩ ሪፖርት በ20 ስለሚዘጋ በዚያ ሰሞን ሁለት ሦስት ቀን ሪፖርት ላይ ያልፋል። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ወር ያዙ። ሦስቱን ቀበሌ ጎን ለጎን ካስኬዳችሁ ጠቅላላው ጊዜ ያው ሁለት ወር ነው።

በየትኛው ቀን መውጣት እንዳለበትም ልንገርዎ። ገበያ በሚውልበት ቀን ቤት ውስጥ ልጅ እንጂ አዋቂ አይገኝም። በተቃራኒው ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ በዓለ ወልድ በ29 ገበሬው አያርስም፤ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ከተመለሰ በኋላ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ይገኛል። ቀኑ በዓል ነው ብሎ ቡድኑን ማሳረፍ ጥሩውን ቀን ማባከን ነው። ባለሙያዎቹም የእምነቱ ተከታዮች ከሆኑ ግን አስቀድሞ ጠይቋቸው፤ የሚያርፉበትን ቀን በሌላ ቀን ይካሱ። ማኅበር ወይም ዝክር ያለበት ቤት በዚያ ቀን አይገባም። ሰው በተሰበሰበበት እግርህን አሳየኝ አይባልም።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ወንዝ ይሞላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ጥር ሠርግ ቢበዛበትም መንገዱ ደረቅ ነው። ከጥር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ይሻላል።

አጠያየቁን በተመለከተ፦ በር ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት እግሩ ያበጠ ሰው አለ?» ማለት አይሠራም። መልሱ «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በተለይ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት፣ በሽታው በዘር ይሄዳል ስለሚባል፣ አያትየዋ ጓዳ ውስጥ ተኝታ እያለች «የለም» ይባላል። ስለዚህ፦

መጀመሪያ የቤተሰብ ማህደሩን፣ ማለትም ጤና ኬላው ለየቤተሰቡ የሚይዘውን መዝገብ፣ ገልጣችሁ የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ በስም አንብቡ። ማን አለ፣ ማን ሄደ፣ ማን መጣ። ቀጥሎ ስለ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ጠይቁ፦ ማታ ማታ እግሩ ይከብደዋል? ጫማ ይጠበዋል? ከሥራ ሲመለስ እግሩን ያሳክከዋል ወይ ያቃጥለዋል? በመጨረሻ ፎቶ አሳዩ። ፎቶው የከፋ እግር ብቻ ካለበት ጀማሪው በሽተኛ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ይላል። የመጀመሪያ ደረጃውም፣ የመካከለኛውም ይኑርበት።

በቦታው የሌለውን ሰው «የለም» ብላችሁ አትለፉት። ለእሱ ሌላ ምልክት ስጡትና በሌላ ቀን ተመለሱ። እስከ ሦስት ጊዜ ተመልሳችሁ ካልተገኘ «አልተገኘም» ተብሎ ይመዝገብ። «አልታመመም» እና «አልተገኘም» በአንድ ዓምድ ከገቡ ጥናቱ ተበላሸ።

#3 ሲስተር ደጀን

እህቴ ከላይ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። የነርሷን ሥራ እኔ ልጨምር።

ነርሷ የምትሠራው እብጠቱ መኖሩን ማየት ብቻ አይደለም፣ የምን እብጠት እንደሆነ መለየት ነው። እግር የሚያሳብጥ በሽታ ብዙ ነው። በቅደም ተከተል ብትሄዱ አንድ ሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል።

1) እብጠቱ ከየት ጀመረ? ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ግን አንዱ ከሌላው ይበልጣል። ከብሽሽት ወይም ከጭን ጀምሮ የወረደ ከሆነ፣ ወይም ወንዱ የቆለጥ ከረጢት እብጠት ካለው፣ በትንኝ የሚተላለፈውን ዝሆኔ ጠርጥሩ።

2) የት ኖረ? ለሰሊጥ ሥራ መተማ፣ ቋራ ወይም ሁመራ የከረመ፣ መተከል የኖረ ሰው ሲመጣ የፊላሪያ፣ ማለትም የዝሆኔው ተውሳክ፣ መመርመሪያ ስትሪፕ ይሠራለት። 75 ማይክሮ ሊትር ደም ከጣት ይወሰዳል፣ ውጤቱ ልክ በ10 ደቂቃ ይነበባል። ነርሷ ሌላ በሽተኛ እያየች 20 ደቂቃ ከቆየ ያልነበረ መስመር ሊወጣ ይችላል፤ ያ የሐሰት ውጤት ነው። ስልኳ ላይ ደወል ትሙላ፣ የጀመረችበትንም ሰዓት ስትሪፑ ላይ ትጻፍ። ደሙን ሌሊት መውሰድ አያስፈልግም፣ ምርመራው ቀንም ይሠራል።

3) ስሜቱን ፈትኑ። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ጥጥ ስታስነኩት መንካታችሁን ካላወቀ፣ ወይም ቆዳው ላይ የነጣ ስሜት የሌለው ምልክት ካለ፣ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። በፖዶኮኒዮሲስ ስሜት አይጠፋም።

4) በድንገት የመጣ፣ ሁለቱን እግር እኩል ያሳበጠ፣ ፊትም አብሮ የሚያብጥበት ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ልብ ወይም ኩላሊት ነው፤ ከጥናቱ ወጥቶ በዚያው ቀን ይታከም። እርጉዝ ሴት ለብቻ ትመዝገብ።

5) ደረጃውን መድቡ። ደረጃ 1 ሌሊት አድሮ የሚጠፋ እብጠት ነው። ደረጃ 2 ከጉልበት በታች ሆኖ አድሮም ሙሉ በሙሉ የማይጠፋ ነው፤ ጉብታ ካለው ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ ነው። ደረጃ 3 ጉብታው ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲወጣ። ደረጃ 4 እብጠቱ ከጉልበት ሲያልፍ። ደረጃ 5 መገጣጠሚያው ደርቆ አልታጠፍ ሲል። ከጉልበት በታች ያለው የሰፊው ቦታ ዙሪያ በሜትር ይለካ፣ የሁለቱም እግር።

እዚህ ላይ በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። ደረጃ 1 ሌሊት የሚጠፋ ስለሆነ ጠዋት 2 ሰዓት የሄደች ነርስ ጤነኛ እግር ታያለች፤ ያንኑ ሰው 10 ሰዓት ብታየው አብጧል። ኤክስቴንሽኗ «ማታ ያብጣል» ብላ የመዘገበቻቸውን ከሰዓት በኋላ መድቡ። ጠዋት የታየና የተሰረዘ ሰው ካለ ከ9 ሰዓት በኋላ ድጋሚ ሳይታይ ዝርዝሩ ውስጥ «የለውም» አይባል። ጀማሪዎቹን ነው የምናጣቸው፤ እነሱ ደግሞ እግር በማጠብና ጫማ በማድረግ ብቻ ሊመለሱ የሚችሉት ናቸው።

ከመውጣታቸው በፊትም ሁለቱ ነርሶች አብረው ይፈተኑ። ጤና ጣቢያ 20 እግር ይሰብሰብላቸው፤ ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው ደረጃ ይስጡ። የማይስማሙት ደረጃ 2 እና 3 ላይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜም እዚያ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምረው ጉብታው ከላይ ነው ከታች የሚለውን እንደገና ይዩ።

#4 ሱፐርቫይዘር ፍኖተ ሰላም

በክፍያው ላይ አጭር ልሁን፦ በበሽተኛ ቁጥር አትክፈሉ። ላገኘችው ልክ ከተከፈላት የተቆረጠ፣ የተሰበረ እግር ሁሉ ይመዘገባል፤ ነርሷ ያንን ስታጣራ ሳምንት ይበላል። በቤት ቁጥርም ብቻ አትክፈሉ፤ በቀን 22 የነበረው 50 ይሆንና ከበር ላይ «የለም» ተብሎ ይታለፋል። በቀን ክፈሉ፣ የቀኑን ቤት ብዛት ግን ወሰን አብጁለት፦ ከ15 በታች ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ሱፐርቫይዘሩ በማግስቱ ከነዚያ ቤቶች አምስቱን ይጎብኝ።

ሌላም አለ። ብዙ ጥናት ላይ ነርሷ «መረጃ ሰብሳቢ» ትባልና ሙሉ ውሎ አበል ታገኛለች፤ ኤክስቴንሽኗ «መንገድ መሪ» ትባልና የዚያ ግማሽ እንኳ አትደርስም። እዚህ ጥናት ላይ ግን ከሁሉ የከበደውን የምትሠራው እሷ ናት፣ 800 ቤት በእግሯ የምትሄደው እሷ ናት። የሥራ ስሟም ክፍያዋም ይህንን ይመስል ዘንድ በጀቱ ላይ አሁን አስተካክሉት። በጀት ከጸደቀ በኋላ አይስተካከልም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ልዩነቱን ስታውቅ ምዝገባው መላላቱ አይቀርም፣ እሷን መውቀስ ደግሞ አግባብ አይደለም።

የስልክ ካርድም አትርሱ። ነርሷና ኤክስቴንሽኗ በቀን ሁለት ጊዜ መደዋወል አለባቸው፤ ከኪሳቸው አይውጣ።

#5 ቁጥር ያዥ

ሦስተኛው ጥያቄህ ዋናው ነው። ነርሶቹ የተመዘገቡትን ብቻ ካዩ የምታውቀው ስንቱ ምዝገባ ትክክል እንደሆነ ብቻ ነው። ስንት ሰው እንደታለፈ በፍጹም አታውቅም።

በቁጥር ልየው። በአንዱ ቀበሌ ከ800ው ቤት 60ው ላይ በየቤቱ አንድ በሽተኛ ተመዘገበ፣ ነርሶቹም ሁሉንም አረጋገጡ እንበል። 740 ቤት «የለም» የተባለ ነው። ከነዚህ 40ውን በዕጣ አውጥተህ ነርሷን ላካት። ሁለቱ ቤት በሽተኛ ቢገኝ 5 በመቶ ነው፤ ከ740 ላይ 37 ሰው ታልፏል ማለት ነው። እውነተኛው ቁጥር 97 ነው እንጂ 60 አይደለም፤ ኤክስቴንሽኗ ያገኘችው ከመቶ 62ቱን ነው። 40 ቤት ትንሽ ስለሆነ ግምቱ ከእውነቱ ሊርቅ ይችላል፣ ስለዚህ የሦስቱን ቀበሌ ደምረህ 120 ላይ ተንትነው። ግን 40ውም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ይህ እንዲሠራ ነርሷ የትኛው ቤት «አለ» የተባለ፣ የትኛው «የለም» የተባለ እንደሆነ ማወቅ የለባትም። ሁለቱን ቀላቅለህ በጎጥ ቅደም ተከተል ብቻ የተጻፈ ዝርዝር ስጣት። መንገድ የምታሳያት ኤክስቴንሽኗ ከሆነች ምስጢሩ አይጠበቅም፤ «እዚህስ የለም፣ እንለፍ» ትላለች። የሌላ ጎጥ ሰው መንገድ ይምራት፣ እሱም ከግቢው ውጭ ይጠብቅ።

ለግምት መነሻም አለ። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ፖዶኮኒዮሲስ እንዳለባቸው አሳይቷል። 800 ቤት ውስጥ 2,000 ያህል አዋቂ ቢኖር ወደ 66 ሰው ይጠበቃል። ቀበሌ ከቀበሌ ይለያያል፣ ስለዚህ እንደ ፍርድ አትውሰደው። ግን የአንድ ቀበሌ ዝርዝር 15 ሰው ይዞ ከመጣ «የለም» የተባሉትን ማየት ከዚያ ቀበሌ ጀምር።

መለያ ቁጥሩ፦ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የቤተሰብ ማህደር ቁጥር፣ የሰው ተራ ቁጥር። ስም ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ጎጥ ውስጥ ስሙና የአባቱ ስም አንድ የሆነ ሁለት ሦስት ሰው አይጠፋም። የአያትና የእናት ስም ጨምር። ነዋሪ የሚባለው 6 ወርና ከዚያ በላይ የኖረ ነው በል፤ ለበዓል እናቱ ቤት የመጣ ሰው ሁለት ቀበሌ ላይ እንዳይቆጠር። ማህደር የሌላቸውን አዲስ ጎጆ ወጪዎች፣ ተከራዮችና ከሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩትን ለብቻ ገጽ አዘጋጅላቸው፤ ማህደሩ ላይ ብቻ የተደገፈ ቆጠራ እነዚህን ያጣል።

#6 ጮቄ ሥር

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቃሚ ነው። የውሎ አበሉን ነገር ዛሬውኑ ለቡድኑ አቀርባለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የ15 ዓመቱን ወሰን ገጠር ላይ እንዴት እንያዘው? ታብሌቱስ ላይ ቀኑን በፈረንጅ ልናስሞላ ነው ወይስ በኛ?

#7 ቁጥር ያዥ

ቀኑን በኛ አስሞላ። ኦዲኬ ኮሌክት፣ በታብሌት መረጃ የሚሞላበት መተግበሪያ፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያሳያል፤ ቅጹን ስትሠራ የቀን ጥያቄው ላይ የኢትዮጵያውን ገጽታ ምረጥ። ሰብሳቢዋ መስከረም ታያለች፣ ዳታው በፈረንጅ ይቀመጣል። በእጅ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ጳጉሜን ይረሳዋል፤ ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል እንጂ በ11 አይውልም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ታብሌቱ በራሱ የሚመዘግበውን ተወው፣ የምትጽፈው ሰዓት ካለ ግን «ከጠዋቱ 3» ብላ ትጻፍ እንጂ ወደ 9 አትቀይር። ግማሹ ተቀይሮ ግማሹ ሳይቀየር የመጣ ዳታ ማስተካከል አይቻልም። የሲስተር የጠዋትና የከሰዓት ጉዳይም በዚያው ይጠፋል።

ለዕድሜው ክስተት ተጠቀም። ለወሰኑ ቅርብ የሆኑት፦ የ2000 ሚሊኒየም በዓል፣ የግንቦት 2002 ምርጫ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴው ግድብ መሠረት የተጣለበት። «ግድቡ ሲጀመር ይህ ልጅ ተወልዷል? ይሄድ ነበር?» በል። ለትልልቆቹ የ1989 የመሬት ክፍፍል፣ የ1983 የደርግ መውደቅ፣ የ1977 ድርቅ። የተወለደበትን ወር ለማወቅ ክርስትና የተነሳበትን ቀን ጠይቅ፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። እናት ከልደቱ ይልቅ የክርስትናውን ድግስ ታስታውሳለች።

ሁሉም ሰው 30፣ 40፣ 50 ሆኖ ከመጣ ሰብሳቢዋ ገምታለች ማለት ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ የዕድሜውን ሰንጠረዥ አውጣ፤ ሁለት ወር ጠብቀህ ካየኸው የሚስተካከል ነገር አይኖርም።

#8 ጤና ኬላ ቢቡኝ

አንድ የተረሳ ነገር። ጫማ ያደርጋሉ ወይ፣ እግር በሳሙና ይታጠባሉ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ካሉ የቀበሌው ኤክስቴንሽን አትጠይቃቸው። ያንን ስታስተምር የኖረችው እሷ ናት፤ ፊቷ ቆሞ «አላደርግም» የሚላት የለም። የአጎራባች ቀበሌዋ ትጠይቅ ወይም ነርሷ። ከመጠየቅም በፊት በሩ ሲከፈት እግሩን አይቶ «ጫማ አድርጓል፣ አላደረገም» ብሎ መጻፍ ከሁሉ ይበልጣል።

#9 ፈቃድና ሥነ ምግባር

ስለ ደብዳቤው፦ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዞን ጤና መምሪያ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ጤና ኬላና ቀበሌ አስተዳደር። ጤና ጣቢያውን ዘልላችሁ በቀጥታ ኤክስቴንሽኗን አትጥሩ፤ አለቃዋ የማያውቀው ሥራ ላይ ስትገኝ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ለዚህ ብቻ ሁለት ሦስት ሳምንት መድቡ። የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ደግሞ በየሳምንቱ ከወረዳው ጠይቃችሁ ነው ሰው የምትልኩት።

ፈቃድ የሚጠየቀው ሁለት ጊዜ ነው። ኤክስቴንሽኗ ለምዝገባ በቃል ትጠይቃለች፤ ነርሷ ለምርመራና ለደም በጽሑፍ። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ይነበብና በአውራ ጣት ይፈረማል። ምስክሩ የጥናቱ ሠራተኛ መሆን የለበትም። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ የወላጁም የልጁም ፈቃድ ያስፈልጋል።

በሽታው ለተገኘበት ሰው ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ፕሮቶኮሉ ውስጥ ካልተጻፈ አትጀምሩ። ሰው እግሩን ገልጦ አሳይቶ ባዶ እጁን መሄድ የለበትም።

#10 ሲስተር ደጀን

አሜን። ሕክምናውም የሚያቅት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች ላይ 12 ወር የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ሙከራ አለ፦ እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የተሰጣቸው ሰዎች አጣዳፊው ሕመም፣ ማለትም እግሩ ቀልቶና ትኩስ ሆኖ ብርድ ብርድ የሚያሰኘው፣ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሳባቸው፣ ገና ያልተሰጣቸው ላይ 23.9 ጊዜ ተነስቷል።

ነርሷ ቤቱ ውስጥ በዚያው ቀን ታሳያቸው። እግሩ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በሳፋ 6 ሊትር ውሃ ላይ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 15 ሚሊ ሊትር ይጨመራል፤ 0.0125 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው መጠን 5 ካልሆነ ሂሳቡ ይቀየራል፣ ስለዚህ ጽሑፉ ይነበብ። እግሩ ለ15 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፣ በጣቶቹ መካከል ጭምር በደንብ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል። ኤክስቴንሽኗ አብራ ቆማ ትማር፤ ከጥናቱ በኋላ የምትቀጥለው እሷ ናት።

እግሩ ቀልቶ፣ ትኩስ ሆኖ፣ ሰውየው ብርድ ብርድ እያለው ካገኛችሁት ግን ፋሻ አይታሰርም፣ ልኬትም አይወሰድም። እግሩ ከፍ ብሎ ይረፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግለት፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ፤ ቁስል ወይም መግል ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለልኬቱ ሕመሙ ከለቀቀው በኋላ ትመለሳላችሁ።

#11 ጮቄ ሥር

ሲስተር፣ እናመሰግናለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የስም ዝርዝሩ ጥናቱ ሲያልቅ የት ይቀመጥ? ወረዳው ለጫማ እደላ ይፈልገዋል።

#12 ፈቃድና ሥነ ምግባር

ሁለት ዝርዝር ይሁን። የጥናቱ ዳታ መለያ ቁጥር እንጂ ስም አይኖረውም፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ወረቀት ተቆልፎ ዋናው ተመራማሪ ዘንድ ይቀመጣል። ለአገልግሎት የሚውለው ዝርዝር ሌላ ነው። ነርሷ የጽሑፉን ፈቃድ ስትጠይቅ «ስምዎ ለሕክምናና ለጫማ ወደ ጤና ኬላ ይተላለፍ?» የሚል ለብቻው የሚመለስ ጥያቄ ትጨምር። «ይተላለፍ» ያሉት ብቻ በጤና ኬላው መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ዝርዝሩ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ በስብሰባም አይነበብም፤ ጫማውም በጤና ኬላው ውስጥ እንደ ማንኛውም መድኃኒት አንድ በአንድ ይሰጥ። «አይተላለፍ» ያለ ሰው ኋላ ሐሳቡን ሊለውጥ ስለሚችል የኤክስቴንሽኗ ስልክ የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ይተውለት።